ከጥላሸት የሚወጣ ድምፅ፦ ብርሃንን በካርቦን ወደ ድምፅ መለወጥ

(አራት ኪሎ ላይ ለፊዚክስ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለድምፅ መሣሪያ ጠጋኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ባለ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነው። ውስጡ በሻማ ጥላሸት የጠቆረ የሻይ ማጥለያ ወንፊት ቁራጭ አለ፤ ከላስቲክ ክዳኑ ደግሞ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ወጥቷል። ብልቃጡ ባትሪ የለውም፤ ሽቦም ማግኔትም የለውም። ፊት ለፊቱ ያለው ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይደምቃል፣ 1000 ጊዜ ይፈዝዛል፤ ዓይናችን አይደርስበትምና ዝም ብሎ የበራ ይመስለናል። የቱቦውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ግን ፉጨት ይሰማል። መብራቱና ብልቃጡ መካከል መዳፍ ሲገባ ፉጨቱ ቀጥ ይላል።

የሚሆነው ይህ ነው። ብርሃኑ ጥላሸቱን ያሞቀዋል፤ ጥላሸቱ አጠገቡ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ልለጠጥ ሲል መውጫ ስለሌለው ይገፋል። ብርሃኑ ሲፈዝ አየሩ ይበርድና ግፊቱ ይወርዳል። ግፊት በሰከንድ 1000 ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ ማለት ድምፅ ሆነ ማለት ነው። ስፒከር ውስጥ እንዳለው የሚነዝር ወረቀት እዚህ የለም፤ የሚነዝረው አየሩ ራሱ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ የስልኩ ቤል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1880 ነው፤ በእኛ 1872 መሆኑ ነው። ዙፋኑ ላይ አጼ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ፤ ይህ የቆምንበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ቤልና ረዳቱ ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ዋሽንግተን ውስጥ የሰው ድምፅ በብርሃን ጨረር ጭነው 213 ሜትር ርቀት ላይ ተቀበሉት፤ መሣሪያውንም ፎቶፎን አሉት። የፎቶፎኑ መቀበያ ሴሌኒየም ነበር፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው የሚለወጥ ንጥረ ነገር ነው። ሲሠሩ ግን ሌላ ነገር ገጠማቸው፦ እየተቆራረጠ የሚመጣ የፀሐይ ብርሃን ያረፈበት ጠጣር ነገር፣ ሴሌኒየም ባይሆንም፣ ራሱ ድምፅ ያወጣል። በ1881 ያሳተሙት መደምደሚያ ዛሬም አልተሻረም፤ አብልጠው የሚጮኹት ላላ ያሉ፣ ቀዳዳ የበዛባቸው፣ ስፖንጅ የሚመስሉ፣ እንዲሁም ጥቁር የሆኑ ነገሮች ናቸው። ጥላሸት ሁለቱንም አሟልቶ ስለተገኘ ብልጫ አሳየ።

ልብ በሉ፤ የተባለው ሁለት ነገር ነው። ብዙ ሰው ጥቁረቱን ብቻ ይዞ ይሄድና ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ፊት መብራት አርገብግቦ «አልሠራም» ይላል። ጥቁረትማ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ የማያስቀር ነገር ማግኘት ነው፤ የዛሬው ንግግራችን ባብዛኛው በዚህ ዙሪያ ነው።

ምጣዱና የቡና መቁያው

የእንጀራ ምጣድ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ ከጋለ በኋላ ደግሞ እሳቱ ቢጠፋም ቶሎ አይበርድም። የቡና መቁያው ስስ ብረት ግን ወዲያው ይግላል፣ ከእሳት ሲነሣም ወዲያው ይበርዳል። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚግልና ሺህ ጊዜ የሚበርድ መቁያ ነው።

በቁጥር እንየው። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት ሁለት ወገን ይሻማበታል፤ ባንድ በኩል አየሩ፣ በሌላ በኩል ከጀርባ ያለው ጠጣር ነገር። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው፣ እፍጋቱና የሙቀት አቅሙ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ካሬ ሥር ነው። በመደበኛው አሃድ ለአየር 5.6 ያህል ይመጣል፤ ለብርጭቆ 1,400 ያህል፤ ለአሉሚኒየም 24,000 ያህል። እንግዲህ ብርጭቆ ላይ ተጣብቆ የተቀባ ጥቁር ቀለም ካገኘው ሙቀት ለአየሩ የሚያደርሰው ከ250 እጅ አንዱን ነው። አሉሚኒየም ላይ ከሆነ ከ4,000 እጅ አንድም አይደርስ። ቆርቆሮ የቀባው ሰው ድምፅ ያጣው ለዚህ ነው፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ውጦታል።

የብራና ጽሑፍ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ጥላሸቱ ከድስትና ከምጣድ ቂጥ ይፋቃል፣ ይፈጫል፣ ማያያዣ ገብቶበት ይቆያል። ቀለሙ መቶ ዓመታትን ይሻገራል፤ ለእኛ ግን አይሆንም። ሲፈጭ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ማያያዣው ሲገባበት ደግሞ አየር የነበረበት ቦታ ሁሉ በጠጣር ነገር ይሞላል። ጥቁረቱ ያው ነው፤ ጥላሸቱ ግን ምጣድ ሆነ።

ሌላው ቁጥር ርቀት ነው። በአንድ ንዝረት ጊዜ ውስጥ ሙቀት አየር ውስጥ ምን ያህል ይዘልቃል? በባሕር ጠለል ላይ በ1000 ኸርዝ (በሰከንድ 1000 ንዝረት) 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የጠጉር ውፍረት ማለት ነው። በ100 ኸርዝ 0.26 ሚሊ ሜትር፣ በ10,000 ኸርዝ 0.026 ሚሊ ሜትር። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 101 ጋር ሲተያይ አየራችን ስስ ነው፤ ሙቀት በስስ አየር ውስጥ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄዳልና የ1000 ኸርዙ ቁጥር እዚህ ወደ 0.09 ከፍ ይላል። ከፍታው ድምፁን ይቀንሰው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከጥላሸቱ ወጥቶ አየሩ ውስጥ የገባ ሙቀት የሚፈጥረው ግፊት፣ አየሩ ስስ ሆነ ወፍራም፣ አንድ ነው። የሚያጎድለው ጥላሸቱ ወይም ጀርባው ሙቀት የሚያስቀር ሲሆን ነው፤ ያኔ ስሱ አየር በሽሚያው ይሸነፋል፤ ጉድለቱም 13 በመቶ አካባቢ ነው።

ከዚህ ርቀት የምንማረው፣ የካርቦኑ ክሮች እጅግ ቀጫጭን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከጠጉር ውፍረት ያነሰ መሆን እንዳለበት ነው። እንዲያ ሲሆን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይበርዳል።

ከጥላሸት ወደ ግራፊን

በ1917 አርኖልድና ክራንዳል የተባሉ ሁለት ሰዎች ስስ የፕላቲነም ቅጠል በኤሌክትሪክ እያሞቁ ድምፅ አወጡ። የዚያ ቅጠል ውፍረት 0.7 ማይክሮ ሜትር ነበር፤ አንዱን ካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 2 ጁል ይፈልጋል። በ2008 የቤይጂንጉ ጺንኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም እጅግ ከቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች፣ የተጎተተ ስስ ሻሽ ተጠቅመው ያንኑ ደገሙት፤ የእነሱ ሻሽ የሚፈልገው 0.0077 ጁል ነበር። ከፕላቲነሙ 260 ጊዜ ያንሳል። ሻሹ ብርሃን ያሳልፋል፣ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፤ ሙዚቃም ይጫወታል። የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ግን አንድ ጣጣ አለበት፦ ጅረት ወደ ፊትም ሄደ ወደ ኋላ ያው ሽቦ ያሞቃል፤ ስለዚህ የ500 ኸርዝ ሲግናል ቢገባ የሚወጣው የ1000 ኸርዝ ድምፅ ነው። ብርሃን ይህ ጣጣ የለበትም። ሙቀቱ የብርሃኑን መጠን ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ ድምፁ ሳይዛባ ይወጣል።

አንድ ንጣፍ ግራፊን፣ ማለትም የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ካርቦን፣ ከሚያልፍበት ብርሃን 2.3 በመቶ ብቻ ይውጣል። የሙቀት አቅሙ ከምንም አይቆጠርም፤ ብርሃኑም ባብዛኛው ያመልጠዋል። ብዙ ንጣፍ ደራርቦ ማጣበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ የተጣበቀ ግራፊን ግራፋይት ነው፣ የእርሳስ እምብርት። መፍትሔው ንጣፎቹን እያራራቁ ስፖንጅ ማድረግ ነው። በ2013 የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.16 ሚሊ ግራም ብቻ የሚመዝን የግራፊን ኤሮጄል፣ ማለትም ባብዛኛው አየር የሆነ ስፖንጅ፣ ሠሩ። በውስጡ ያለው አየር እንኳ 1.2 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ ካርቦኑ ከአየሩ ይቀላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሽሚያው ላይ የብርጭቆን 1,400 አይዝም፤ ከአየሩ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። በ2018 የጣሊያን ተመራማሪዎች የግራፊን ስፖንጅ ላይ የሚርገበገብ ብርሃን አሳርፈው ብቃቱ ከፍ ያለና መዛባቱ ያነሰ ድምፅ ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዓለም ላይ እጅግ ጥቁር ይባል የነበረው ቫንታብላክ የተባለ የናኖቲዩብ ሽፋን፣ በ2014 ይፋ የሆነው፣ ካረፈበት ብርሃን 99.965 በመቶውን ይውጣል። የሻማ ጥላሸት ከዚያ ዝቅ ይላል። ግን ከ97 ወደ 99.965 መውጣት ለድምፁ የሚጨምረው 3 በመቶ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ጀርባውን ከብርጭቆ ወደ አየር መለወጥ ደግሞ መቶ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ገንዘብና ድካም የት ላይ መዋል እንዳለበት ይህ ይናገራል።

ጥላሸቱን ማሳረፍ

ወንፊቱ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ቀዳዳው በደቀቀ ቁጥር ይሻላል። 1 ሴንቲ ሜትር በ3 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ይህ በብልቃጡ አንገት ይገባል። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት ያለበት ብረት ላይ ጥላሸት ቅርፊት እየሆነ ይነሣል።

ሻማውን ነፋስ በሌለበት አቁሙ። ጧፍም ይሆናል፤ ሰሙ ንጹሕ ይሁን እንጂ። የኩራዝ ጥላሸት ግን ቅባት ይበዛበታልና ባትጠቀሙት ይሻላል። ወንፊቱን በወረንጦ ይዛችሁ በቢጫው ነበልባል ጫፍ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ አሳልፉ፤ 10 ሰከንድ አሳርፉ፤ ገልብጡ፤ ድገሙ። ሥር ያለው ሰማያዊ ክፍል ጥላሸት አይሰጥም፤ እንዲያውም የተያዘውን ያቃጥለዋል። ያልተቃጠለ የሰም ጭስ አብሮ ካረፈ ደግሞ ጥላሸቱ ይረጥባል። የረጠበ ጥላሸት ያብረቀርቃል፤ ደኅናው እንደ ከፋይ ደብዘዝ ያለ ነው። በመሞከሪያ ቁራጭ ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉበት፤ ደኅና ጥላሸት ላይ ጠብታው ሳያረጥብ ተንከባሎ ይወርዳል።

ውፍረቱን በዓይን መለካት ይቻላል። ከወንፊቱ ጎን አንድ የብርጭቆ ስላይድ በተመሳሳይ ጊዜ አጥቁሩና በእሱ በኩል አምፖል ተመልከቱ። አምፖሉ ወደ ቡናማ ቀይ ካደላ ጥላሸቱ ገና ስስ ነው። ጨርሶ ካልታየ ይበቃል፤ እዚያው ላይ አቁሙ። ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነ ጥላሸት ለስራችን በቂ ነው፤ ከዚያ ሲወፍር ይሰነጠቅና እንደ ደረቀ ጭቃ ይላጣል። ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም፣ አይነፋም፣ አይታጠብም። የተነካ ቦታ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነውና ያ ቦታ ሞቷል።

ብልቃጡና ቱቦው

በታሰረ አየር ውስጥ ግፊቱ ከይዘቱ ጋር ይቃረናል፤ ይዘቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ በግማሽ ይቀንሳል። በ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ፣ በ1000 ኸርዝ፣ ግማሽ ዋት የሚርገበገብ ሙቀት አየሩ ውስጥ ቢገባ ግፊቱ 3 ፓስካል ይደርሳል፤ ወደ 100 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሮ ከባድ። የዚህ እጥፍ፣ አንድ ዋት የሚርገበገብ ብርሃን፣ ብርጭቆ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ቀለም ላይ ቢያርፍ 60 ዴሲቤል አካባቢ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች የሒሳብ ናቸው፤ ቱቦው ሲገባበት ይቀንሳሉ። ውስጡ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ 3.5 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። ስለዚህ ቱቦው ይጠር።

ክዳኑን በጋለ ወፍራም መርፌ ብሱት፤ ቀዳዳው ከቱቦው ትንሽ ይጥበብና ቱቦው እየተገፋ ይግባ። ዙሪያውን በሲሊኮን ሙጫ ድፈኑት፤ አንድ ሌሊት ይደር። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወፍራሙ ክፍል ከጠፋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ በትንሽ ሽንቁር መጀመሪያ የሚያመልጠው ዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው።

በጆሮ ፈንታ ማይክሮፎን የሚፈልግ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን የኤሌክትሬት ማይክሮፎን ይጠቀም፤ ከ3 ቮልት በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይመገብ። ዋናው ጥንቃቄ ብርሃኑ ማይክሮፎኑን ራሱን እንዳያገኘው ነው፤ ካገኘው የምትለኩት የማይክሮፎኑን ሽፋን መሞቅ እንጂ የጥላሸቱን ድምፅ አይደለም። ተራ ነገር አይምሰላችሁ። በ2019 የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች የሚርገበገብ ሌዘር በስማርት ስፒከሮች ጥቃቅን ማይክሮፎኖች ላይ እያነጣጠሩ፣ እስከ 110 ሜትር ርቀት ድረስ፣ ያልተነገረ ትእዛዝ «አሰምተዋቸዋል»።

መብራቱ

በጣም ቀላሉ ሙከራ ባለ ክር አምፖል ነው፤ 60 ወይም 100 ዋት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ክሩ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል፤ ብልቃጡን በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስታቀርቡት የ100 ኸርዝ ወፍራም ዝማሬ ትሰማላችሁ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችም ያዘምራሉ፤ ደኅና ካፓሲተር ያላቸው ግን ዝም ይላሉ። አምፖል ሻጭ ፊት ቆሞ የትኛው እንደሚርገበገብ በጆሮ መለየት ይቻላል። የስልክ ባትሪ መብራት አብዛኛውን ጊዜ አይርገበገብም፤ ስለዚህ ድምፅ የለውም።

ፀሐይ የሚፈልግ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጉያ መስታወት ይያዝ። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ 7 ዋት ያህል ይሰበስባል። ከትኩረቱ ነጥብ አጠገብ 20 ቀዳዳ ያለው የካርቶን ክብ በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ሲዞር 1000 ኸርዝ ይሰጣል። ካርቶኑ መሀሉን ካልያዘ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተሩ ጩኸትም ድምፁን ያስትበታል። ብልቃጡን ልክ ትኩረቱ ላይ አታድርጉ፤ ጥላሸቱ ይነድዳል፣ ብርጭቆውም ይሰነጠቃል። ነጥቡ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል ይስፋ። ዓይን በምንም ዓይነት በመስታወቱ መሥመር ላይ አይሁን።

ሙዚቃ ወይም ንግግር ለማሳለፍ ባለ 10 ዋቱ ኤልኢዲ ይሻላል። እሱ በ10 ቮልት አካባቢ 0.9 አምፔር ይጠጣል። መሀሉ ላይ፣ 0.45 አምፔር ላይ አስቀምጡትና ከስልክ የሚመጣው የድምፅ ሲግናል ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዘው። ኤልኢዲ ከዜሮ በታች ሊበራ አይችልምና መሀል ላይ ያልተቀመጠ መብራት የሞገዱን ግማሽ ይቆርጠዋል። የሚያስፈልገው አንድ ኤልኤም358 የማጉያ አይሲ፣ አንድ አይአርኤፍ540 ትራንዚስተር፣ ከሥሩ 1 ኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር፣ ከትራንዚስተሩ በር (ጌት) ፊት 100 ኦም ነው። ሬዚስተሩ ላይ 0.45 ቮልት ሲነበብ ጅረቱ 0.45 አምፔር ነው። 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጠባብ ነው፤ ጫፉ ላይ ይቆርጣል። 15 ቮልት ይበቃል። 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ካለ ይሠራል፤ ትራንዚስተሩ ላይ ግን 4 ዋት ያህል ሙቀት ይቀራልና ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም ይታሰርለት። ኤልኢዲውም ያለ ማቀዝቀዣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የብልቃጡ ድምፅ ድግግሞሹ ሲጨምር ይቀንሳል፤ በእጥፍ ሲጨምር ቢያንስ በግማሽ። ስለዚህ ንግግር ሲያልፍ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚናገር ሰው ይመስላል፤ «ሰ» እና «ፈ» አይለዩም። ማስተካከያው ሲግናሉ የሚገባበትን ካፓሲተር ማሳነስ ነው። 10 ማይክሮ ፋራድ የነበረውን በ10 ናኖ ፋራድ ለውጡ፤ ከ10 ኪሎ ኦም መግቢያ ጋር ሲሆን ከ1,600 ኸርዝ በታች ያለውን በዚያው ልክ ያቀለዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ድምፁ ያንሳል፤ የስልኩን ቮልዩም ከፍ አድርጉ። ንግግሩ ግን ይለያል።

ከሁሉም በፊትና በኋላ አንድ ፈተና አለ። የብልቃጡን ፊት በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑ፤ ሌላውን ነገር ሁሉ እንደነበረ ተዉት። ድምፁ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የምትሰሙት የሞተሩን፣ የትራንስፎርመሩን ወይም በሽቦው የገባውን ጩኸት ነው። ፎይሉን ያልሞከረ ሰው «ሠርቶልኛል» ቢል አንቀበለውም።

ከጆሮ በላይ

ይህ ሁሉ በአየር ነው። ካርቦንና ብርሃን አሁን ትልቅ ሥራ እየሠሩ ያሉት ግን ጆሮ በማይሰማው አልትራሳውንድ ነው። እዚያ የሚለጠጠው አየር ሳይሆን ፒዲኤምኤስ የሚባል ግልጽ ሲሊኮን ነው፤ ሲሞቅ ከብረት በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ናኖቲዩብ ወይም የሻማ ጥላሸት ውስጡ ይገባና ጥቂት ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) የሚቆይ የሌዘር ምት ያርፍበታል። የካርቦኑ ቅንጣት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ለሲሊኮኑ በዚያው ቅጽበት ያስረክባል፤ ሲሊኮኑ ይፈነጥራል፣ ሹል የግፊት ምት ይወጣል። በ2012 የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጎድጓዳ ሌንስ ላይ ናኖቲዩብና ሲሊኮን ቀብቶ ከ50 ሜጋ ፓስካል በላይ ግፊት አገኘ፤ ግፊቱ የተሰበሰበበት ነጥብ 75 ማይክሮ ሜትር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ውድ የሆነው ናኖቲዩብ በሻማ ጥላሸት እንደሚተካ ታየ።

አሠራሩ ላይ የሚያደናቅፈውን ብቻ እንንገራችሁ። በጣም የሚሠራበት ፒዲኤምኤስ ሲልጋርድ 184 የሚባለው ነው፤ መሠረቱና ማጠንከሪያው በክብደት 10 ለ1 ይቀላቀላሉ። አረፋው በቫኪዩም ይወጣል፤ በ100 ዲግሪ በ35 ደቂቃ፣ በክፍል ሙቀት በ48 ሰዓት ይጠነክራል። ጥላሸት ባረፈበት ብርጭቆ ላይ በቀስታ ሲፈስስ ራሱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ በብሩሽ መቀባት ጥላሸቱን ይጠርገዋል። ንጣፉ 10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ድምፅ በሲሊኮኑ ውስጥ በሰከንድ 1000 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ያን ያህል ውፍረት ለማቋረጥ 10 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ከወፈረ ምቱ ይደነዝዛል። የላቴክስ ጓንት አታድርጉ፤ በውስጡ ያለው ሰልፈር ማጠንከሪያውን ያከሽፍና ሲሊኮኑ ለቀናት ሲጣበቅ ይቆያል። ናይትሪል ጓንት ይሻላል።

አንድ የአዲስ አበባ ነገር ደግሞ አለ። የቫኪዩም ፓምፑ ግፊት ቆጣሪ እዚህ ከ76 ኪሎ ፓስካል በላይ ቫኪዩም ሊያሳይ አይችልም፤ የምናወጣው አየር ከመጀመሪያውም ያን ያህል ነውና። መመሪያው 100 ስለሚል ፓምፑ የተበላሸ የመሰላቸው ሰዎች ፈትተውታል። ፓምፑ ደኅና ነው፤ አረፋውን ተመልከቱ እንጂ ቆጣሪውን አትመኑ። ሌዘሩን በተመለከተ ደግሞ ለሞገድ ርዝመቱ የተሠራ መነጽር ከሌለ ሥራው አይጀመር። የናኖ ሰከንድ ምት ዓይን እስኪጨፈን አይጠብቅም።

ከተሳታፊዎች ጥያቄ

ከድምፅ መሣሪያ አከራዮች አንዱ፣ «ለሠርግ ድንኳን ስፒከር ይወጣዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

አይወጣውም ጌታዬ። ክፍት አየር ላይ፣ ሙቀቱ ሁሉ አየር ውስጥ ገባ ብንል እንኳ፣ 1 ዋት የሚርገበገብ ብርሃን በ1000 ኸርዝ በ1 ሜትር ርቀት 36 ዴሲቤል ይሰጣል። እርስዎ የሚያከራዩት ስፒከር በ1 ዋት ከ85 እስከ 90 ይሰጣል። 90 ለመድረስ 500 ዋት የሚርገበገብ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ለ1000 ኸርዝ ነው። ክፍት አየር ላይ ነገሩ ከብልቃጡ ይገለበጣል፤ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይደክማል። በ100 ኸርዝ ያው 1 ዋት የሚሰጠው 16 ዴሲቤል ነው፤ ከበሮው አይሰማም። የሚጠቅመው ሽቦና ማግኔት መግባት በማይችልበት ቦታ ነው።

አንዲት የፊዚክስ መምህርት፣ «በወንፊት ፈንታ ጥጥ አይሻልም ወይ? ክሩ ከብረት ይቀላል» አሉ።

ልክ ነዎት፤ ቤልና ቴይንተርም ጥላሸት የተነሰነሰበት ጥጥ ተጠቅመዋል። ችግሩ ጥጥ ነበልባል ላይ አይያዝም፤ ጥላሸቱ ሌላ ቦታ ተሰብስቦ፣ ተፍቆ መነስነስ አለበት፤ ሲፋቅ ደግሞ ይታመቃል። ጥጡ ራሱ ሙቀት ስለማይውጥ ግን ኪሳራው ይካካሳል። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ጥጡ ይበቃል፤ ለመለካት ወንፊቱ ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ይወጣልና።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ወንበር ነበር፦ «የፒያሳን የመኪና ጭስ በዚህ መስማት ይቻላል?»

ይቻላል፤ መሣሪያውም አለ። አየሩን ወደ ውስጥ ይስብና 870 ናኖ ሜትር የሆነ ሌዘር ያርገበግብበታል፤ በዚያ ሞገድ ላይ ብርሃን የሚውጠው ባብዛኛው ጥቁር ካርቦን ስለሆነ ማይክሮፎኑ የሚሰማው የጥላሸቱን መጠን ነው። የእኛ ብልቃጥ ግን አይችልም። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 10 ማይክሮ ግራም ጥላሸት ቢኖርበት፣ በ5 ሴንቲ ሜትር መንገድ ላይ የሚዋጠው ከሚሊዮን እጅ ሁለት ያህሉ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲገባና ሲወጣ የብልቃጡ ብርጭቆ ራሱ ከዚያ የበለጠ ድምፅ ያወጣል። እነዚያ መሣሪያዎች ይህን ስለሚያውቁ በየተወሰነ ጊዜ በፊልተር የተጣራ አየር ያስገባሉ፤ ያኔ የሚሰማውን ይመዘግቡና ከልኬታቸው ይቀንሱታል።